የአንድ ቆጣሪ ጎረቤታሞች

ኮምፒውተሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ሲጠፋ እጄ ኪቦርዱ ላይ አልነበረም። በኋላ «ምን ነክቼ ይሆን?» እያልኩ ራሴን ስመረምር ሁልጊዜ የምመለሰው ወደዚህ ነበር። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ዊንዶውስ ከሲዲው ወደ ሃርድ ዲስኩ ሲገለበጥ፣ ስክሪኑ ላይ መስመሩ ቀስ እያለ ሲሞላ አያለሁ። መስመሩ ከግማሽ አልፏል። ድንገት የፋኑ ድምፅ ቆመ፤ ስክሪኑ ጠቆረ። ወዲያው ደግሞ ማሽኑ አንዴ «ጢጥ» ብሎ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ እንደ አዲስ ተነሣ።

መብራት ሄዶ የመጣ መሰለኝ። ግን የስክሪኑ ትንሽ አረንጓዴ መብራት አልጠፋችም ነበር። መብራት ቢሄድ እሷም ትጠፋለች። ስለዚህ ጥፋቱ ከመብራቱ አይደለም አልኩ። በዚያች «ስለዚህ» የተነሣ ብዙ ጠዋት ባከነ።

ማሽኑን የገጣጠምኩት ራሴ ነኝ። መጀመሪያ ባዶውን ኬዝ አገኘሁ፤ ከወራት በኋላ ማዘርቦርዱን፤ ከዚያ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ሃርድ ዲስኩን፣ እያንዳንዱን ከሌላ ሰው እጅ። እውቀቱንም ያገኘሁት እንዲሁ በቁርጥራጭ ነው። ሽፋኑ የጠፋ ፎቶ ኮፒ መጽሐፍ ነበረኝ። ሳሪስ ውስጥ ቴሌቪዥንና ዴክ የሚጠግን ጓደኛዬ ሱቅ ደግሞ ደጋግሜ ቆሜ አይ ነበር። ኮርስ የሚባል ነገር አልገባሁም። የተማረ ሰው ዕቃው ሲበላሽበት «ዕቃው ተበላሸ» ይላል። እኔ ግን አንድ ገጽ ዘልዬ ይሆናል እላለሁ። መጽሐፉ ደግሞ በእርግጥም የጎደሉ ገጾች ነበሩት።

የምኖረው አቃቂ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራ የምገባው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋቱ የራሴ ነው። በግቢው ፊት ለፊት የአከራዬ ቤት አለ፤ ከኋላ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት የጭቃ ክፍሎች አሉ፤ አንዱ የእኔ ነው። ለመላው ግቢ ያለው ቆጣሪ አንድ ብቻ ነው። እሱም በአከራዬ በረንዳ ላይ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል።

አከራዬ ባላቸው የባቡር ሠራተኛ የነበሩ፣ አሁን ገበያ ጉልት ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ እናት ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። ክፍሉን ስከራይ ሕጋቸውን ደጃፌ ላይ ቆመው ነገሩኝ። የኤሌክትሪክ ምድጃ የለም። ካውያ የለም። ኮርኒሱ አቡጀዲ ስለሆነ ላምባ ቤት ውስጥ አይለኮስም፤ የሚያበስል ሰው ደጅ ላይ በከሰል ያበስላል። በቀን አምፖል አይበራም። ሌላም አንድ ሕግ ነበራቸው፤ እሱን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። ከጎኔ ያለው ክፍል ባዶ በነበረ ጊዜ ዘንቢል የያዘች አንዲት ሴት ልትከራይ መጥታ፣ ባሏ ቃሊቲ ታስሮ እንደሆነና እሱን ለመጠየቅ እንዲቀርባት እንደሆነ ነገረቻቸው። «እግዜር ያስፈታልሽ» ብለው በሩን ዘጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «የእስረኛ ቤተሰብ ከገባ ወጪ ገቢው ይበዛል። ባሌ ከሞተ ወዲህ ፖሊስ ደጄን አንኳኩቶ አያውቅም፤ እንዲያንኳኳም አልፈልግም» አሉኝ።

ኮምፒውተር በሕጋቸው ውስጥ አልነበረም። ሳስፈቅዳቸው ኬዙን ዙሪያውን አዩት።

«ምን ያህል መብራት ይወስዳል?»

«ሁለት ሦስት አምፖል ቢሆን ነው፣ እትዬ።»

«እኔ በቀን አንድ አምፖል አይበራም ስል አንተ ሦስት በቆርቆሮ ከተህ አመጣህልኝ?» ሳቁ። «ይሁን እንግዲህ፣ ኢንጂነር። ቆጣሪዬን ከነካብኝ ግን አንተንም እሱንም አላውቃችሁም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ኢንጂነር ሆነ፤ ሲደሰቱም ሲቆጡም።

ባዶ የነበረው ክፍል በኋላ ተከራየ። የገባችው ከእኔ ጥቂት ዓመት የምትበልጥ ሴት ናት። በየሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር እንደሆነ፣ መንገድ እንደሚያበዛ ለእትዬ ነግራ ነው የገባችው። ከ«እንደምን አደርክ» ውጭ አውርተን አናውቅም። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ግን ቀጭን ስለሆነ ሳል እንኳ ይሰማል።

በማግስቱ ጠዋት ማሽኑ እንደገና ጠፋ። በሦስተኛውም። ራሙን አውጥቼ ጥርሶቹን በላጲስ ፈተግኳቸው፤ ማስገቢያውንም ለወጥኩ። ፕሮሰሰሩ ሞቆ ይሆናል ብዬ ፋኑን ነቅዬ፣ ነጩን ቅባት ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። ቅባቱ ከበዛ ጥሩ አይደለም የሚል አንብቤ ስለነበር በምላጭ አሳሳሁት፤ ሳሳብኝ ብዬ ደግሞ ጨመርኩ። የሃርድ ዲስኩን ገመድ ቀየርኩ። ወድቆ የቀረ ብሎን ማዘርቦርዱን ነክቶ ይሆናል ብዬ ኬዙን ገልብጬ አራገፍኩት። ከሥራ ተመልሼ ስሞክረው ቀጥ ብሎ ይሠራል። ዳነ እላለሁ። ጠዋት ላይ ይጠፋል።

ሰው የማያውቀው በሽታ ያለበት ልጅ እንዳለው አባት ሆንኩ። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስቆጥር ጆሮዬ የፋን ድምፅ ይፈልጋል። ቤት ስሆን ደግሞ ፋኑ ሲሠራ የሚያቆምበትን ቅጽበት እጠብቃለሁ፤ ካላቆመም አላርፍም።

በመጨረሻ ታቅፌው ሳሪስ ወሰድኩት። ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ በሁለት እጄ ይዤዋለሁ። ወያላው ሰው ሊደርብ ፈልጎ፣ «ብራዘር፣ ሕፃኑን ጠጋ አድርገው!» አለ፤ ታክሲው ሙሉ ሳቀ። ጓደኛዬ ሱቅ ውስጥ ሰካነው። ጠዋቱን ሙሉ ሠራ፤ ቀኑንም ዋለ። ጓደኛዬ ደንበኛ እያስተናገደ በየመሐሉ መጥቶ ያየዋል።

«ይሄ ዕቃ እኮ ጤነኛ ነው። የከሳኸው አንተ ነህ።»

«ቤት ሲሄድ ይጠፋል።»

«እንግዲያው ቤትህን ፍታው» አለኝ። ቀጥሎ ቴስተሩን፣ ያቺን ባለ መርፌ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጠኝ። «ከሶኬቱ ጀምር። ሰው የሚፈራውን ትቶ የሚወደውን ነው የሚፈትሸው።»

ቴስተሩን ይዤ ተመለስኩ፤ ግን ወዲያው አልተጠቀምኩበትም። የስክሪኑ አረንጓዴ መብራት አልጠፋችም ብዬ የደመደምኩት ገና ከውስጤ አልወጣም። በማግስቱ ማሽኑን አበራሁ። ጥቂት ቆይቶ ጠፋ። ሲነሣ ጠብቄ ሳየው፣ በዚህ ጊዜ አረንጓዴዋም ጠፋች። ግቢው ሁሉ ጸጥ አለ፤ ከእትዬ ቤት የሚሰማው የፍሪጅ ድምፅ ሳይቀር። ፊውዝ ተቃጥሏል። ቁልፉ ደግሞ ከእትዬ አንገት ጋር ገበያ ነው።

ቀትር ላይ ሲመለሱ በሩ ላይ ሆኜ ጠበቅኳቸው። ሳጥኑን ከፍተው የጠቆረውን ፊውዝ አወጡና አፍንጫዬ ሥር አመጡት።

«ኢንጂነር! ይሄ ምንድነው?»

«ተቃጥሎ ነው፣ እትዬ።»

«መቃጠሉንማ አያለሁ። ያንተ ሣጥን ከመምጣቱ በፊት እዚህ ቤት ፊውዝ ተቃጥሎ ያውቃል?»

«የእሱ ላይሆንም ይችላል…»

«ታዲያ የማን ነው? የሬዲዮዬ?» ቧንቧው ዘንድ ልብስ ወደምታሰጣው ጎረቤቴ ዞሩ። «ወይስ የሷ? አንዲት አምፖል ነው ያላት፤ እሷንም ቆጥባ ነው የምታበራት። ከሷ ተማር!»

ጎረቤቴ ቀና አላለችም። ያሰጣችውን ልብስ አንሥታ እንደገና ጨመቀችው። ያን ጊዜ ስድቡ ለእኔ ስለሆነ ያፈረችልኝ መስሎኝ ነበር።

«ዳግመኛ ይቃጠልና ታያለህ» አሉ እትዬ። ፊውዙ ላይ የሚጠመጠመውን የሽቦ ክር ከበፊቱ አቅጥነው አሠሩት። «ቀጭን ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። ሌባው ቶሎ እንዲጮህ።»

በማግስቱ ጠዋት ቴስተሩን አወጣሁ። ኮምፒውተሩ ከተሰካበት ዲቫይደር በአንዱ ባዶ ቀዳዳ ሁለቱን ዘንጎች ከተትኩ። እጄ ላብ ስላለው በጨርቅ ነው የያዝኳቸው። መርፌዋ ከሁለት መቶ አለፍ ብላ ቆመች። ማሽኑን አበራሁ፤ ትንሽ ወረደችና ቆመች። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወጡ የውጭው በር ሲጢጥ አለ። መርፌዋ እንዳለች ናት። ተነሥቼ ልተወው ስል ከግድግዳው ማዶ ቀጭን የማብሪያ ድምፅ ሰማሁ፤ «ቀጭ»።

መርፌዋ ወደቀች። ማሽኑም ጠፋ።

የከሰልም የላምባም ሽታ አልመጣም፤ የሽንኩርት ሽታ ግን ወዲያው መጣ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ሕጉን ጥሼ አምፖሌን አበራሁ። እንደ ፍም ቀልታ በጭንቅ በራች። ይህች አምፖል በቀን እንድትበራ ተፈቅዶ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ጠዋት አውቀው ነበር። ማታ ማሽኑ የሚድነው እትዬ ቤት ስለሚሆኑ፣ ምድጃዋም ስለማትበራ ነው። እኔ ራም ስፈትግ የሰነበትኩት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ አልደብቅም። ማዘርቦርዴ ንጹሕ ነው። ዘልዬ ያለፍኩት ገጽ የለም። ግን አንድ ጊዜ የታየ ነገር ማስረጃ አይሆንም ብዬ ደግሜ ላየው ፈለግኩ። ማሽኑን እንደገና አበራሁት፤ አምፖሏንም አላጠፋሁም። መርፌዋ ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያ ዜሮ ላይ ተኛች። ግቢው ጸጥ አለ።

ከማዶ ድስት ሲነሣ፣ ከዚያ ሲቀመጥ፣ እንደገና ሲነሣ ሰማሁ። ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ሲጠፋው የሚያሰማውን ድምፅ። ጥቂት ቆይታ በሯን ቆልፋ ወጣች።

ቴስተሩን ልመልስ እኔም ወጣሁ፤ እውነቱን ለመናገር እትዬ ሲመለሱ ግቢ ውስጥ እንዳልገኝ ነው። የያዝኩት ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጣ አየኋት። ዘንቢሏን ጭኗ ላይ አድርጋ በነጠላዋ ሸፍናዋለች። አላየችኝም። ቃሊቲን ልናልፍ ስንል ወያላው ጮኸ፤

«ማረሚያ ቤት ወራጅ አለ?»

ዘንቢሏን ወደ ደረቷ ሳበች።

«ማረሚያ ቤት የለም? ንዳው!»

«አለ» አለች፤ የሚሰማት ሰው እንዳይኖር በምትፈልግ ድምፅ።

ስትወርድ ዘንቢሉ እንዳይጋደል ወደ ውስጥ ዞራ ነበርና ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እግሯ መሬት ነክቷል፤ እጇ በሩን አለቀቀም። ወያላው «ፈጠን በይ፣ እህት!» ባይል ኖሮ እስከ መቼ እንደምንቆይ አላውቅም። በዚያ ሰፈር በዚያ ሰዓት ዘንቢል ይዞ በዚያ ቦታ የሚወርድ ሰው ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ የለም።

ከዚያ ወዲያ ጭንቀቴ ቦታ ቀየረ። ማሽኑን ነጻ ለማውጣት የምናገረው አንድ ቃል ምድጃዋን ያወጣል። ምድጃው ከወጣ «ለማን ነው ተደብቀሽ የምታበስዪው?» ይከተላል። እሱ ከተመለሰ ክፍሉን ትለቃለች። እኔ ዝም ካልኩ ደግሞ ስንት ወር የለቀምኩት ማሽን ይወጣል፤ ከነማሽኔ የሚያስገባኝ ሌላ አከራይ ከየት አገኛለሁ?

ስመለስ እትዬ ፊውዙን በዚያው ቀጭን ሽቦ አሠርተው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። አልጮኹም፤ ይህ የባሰ ነበር።

«ተቀመጥ» አሉኝ። «እኔ ቲማቲም እየበሰበሰ ካስቸገረኝ ምን እንደማደርግ ታውቃለህ? አንዱን አወጣና ሌሎቹን አያለሁ። መበስበሱ ካቆመ ያወጣሁት ነው ጥፋተኛው። ማሽንህን ለአንድ ሳምንት ከግቢዬ አውጣው። ፊውዜ ካልተቃጠለ እሱ ነው።»

«ከተቃጠለስ?»

ዓይናቸውን በግቢው ላይ ቀስ አድርገው አዞሩ። «ከተቃጠለ ሌላ ሰው አለ። በር በር እየዞርኩ አየዋለሁ።»

ትክክለኛ ፍተሻ ነበር፤ እኔ ራሴ ራሙን ያወጣሁት እንዲሁ ነው። ግን ሽቦው ቀጭን ነው። ምድጃው ብቻውን ያንን ክር ያቃጥለው እንደሆነ አላውቅም። ለማወቅ መሞከር ያስፈልጋል። መሞከር ደግሞ አልችልም።

ማሽኑን ጓደኛዬ ሱቅ ለመውሰድ በነጠላ ጨርቅ ስጠቀልል በሬ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ናት። አልገባችም፤ ደፉ ላይ ቆመች።

«ነገርካቸው?»

«አልነገርኩም።»

«ልትነግራቸው ነው?»

«ማሽኑን ላወጣው ነው።»

ጥቅሉን አየችው። «በእኔ ምክንያት።»

«ባንቺ ብቻ አይደለም። ያንቺ ምድጃ፣ የእትዬ ፍሪጅ፣ የእኔ ማሽን፤ ድምሩ ነው የሚያቃጥለው። ማናችንም ብቻችንን አናቃጥለውም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ምነው እርግጠኛ ነኝ ማለት በቻልኩ። «አይደለሁም። አሁን ያሠሩት ሽቦ ቀጭን ነው። ይህን ሳምንት ምድጃውን አትንኪው።»

«ደጅ ላይ በከሰል ካበሰልኩ ‹ብቻሽን አይደለሽ? ይህ ድስት ለማን ነው?› ይሉኛል። አንድ ጊዜ ጠይቀውኛል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰው ገጭቶ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ሹፌር ነው ያልኩት ውሸት አይደለም።»

ከዚያ ሁሉ ፍተሻ ይልቅ የሠራልኝ ሐሳብ የመጣው ያን ጊዜ ነው፤ የመጣውም ከመጋዘኑ ልጆች ነው። ወንደላጤዎቹ ሁሉ የሆነች ሴት ዘንድ በወር እየከፈሉ በኮንትራት ይበላሉ።

«ለእኔ ነው በያቸው» አልኳት። «ጎረቤቴ ኮንትራት ይዟል፣ ለእሱ ነው የማበስለው በይ።»

ወደ እትዬ በረንዳ ዞር ብላ አየች። «ሰው ምን ይላል?»

«ምን ይላል?»

«አንተ ደግሞ እውነትም ኮምፒውተር ብቻ ነህ» አለች፤ ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። ከሄደች በኋላ ነው የገባኝ፤ ብቻዬን ፊቴ ጋለ።

እትዬም አልማሩኝም። በማግስቱ ማለዳ ከሰሉ ላይ ትልቁ ድስት ሲንተከተክ አይተው መጡ።

«ኮንትራት ያዝክ አሉ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ማሽኑ ሲወጣ ምግብ ገባ!» ጮክ ብለው ሳቁ። «ተጠንቀቅ፣ ኢንጂነር። የከባድ መኪና ሹፌር መፍቻው ክንድ ያህላል።»

ጎረቤቴ ድስቱን ታማስላለች። እኔ ቧንቧው ጋ ፊቴን ለሁለተኛ ጊዜ ታጠብኩ።

ያ ሳምንት በሕይወቴ ከረዘሙት አንዱ ነው። ክፍሌ ውስጥ ማሽኑ የነበረበት ጠረጴዛ ባዶ ነው። ከሥራ ስመለስ ከግቢው ጥግ ላይ ቆሜ የእትዬ ሬዲዮ ይሰማ እንደሆነ አዳምጣለሁ፤ ሲሰማ እገባለሁ። ጎረቤቴ እትዬ ከወጡ በኋላ ዘንቢሏን ይዛ ትሄዳለች። ለእኔም ከድስቱ ጥቂት ቀንሳ በምሳ ዕቃዬ ታስቀምጥልኛለች፤ አያስፈልግም ስላት፣ «የተናገርነው ነገር ትንሽ እንኳ እውነት ይኑረው» አለችኝ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ወደ ሥራ ስወጣ እትዬ ከገበያ ሲገቡ በሩ ላይ ተገናኘን። ምሳ ዕቃዬን ከእጄ ወስደው ከፈቱ።

«እስቲ ምን ሠራችልህ… ይቺው ናት? ያንን የሚያህል ድስት ጥዳ ይቺን ብቻ?»

«ይበቃኛል።»

«ምኑ ይበቃሃል! እየበላችህ ነው፣ አንተ ልጅ። አፍ የለህም። ቆይ፣ ማታ እኔ እነግራታለሁ። የቀረው የት ይሄዳል?»

«ጠዋት በልቼ ነው፣ እትዬ። ጠዋት ብዙ ነው የምበላው።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ጠዋት ብዙ በልተህ ነው እንደዚህ የሆንከው?»

«ይኸው ነው ተፈጥሮዬ።»

ክዳኑን ገጥመው መለሱልኝ። ያመኑኝ አይመስለኝም። ያላመኑት ግን ስለ ሆዴ ይሁን ስለ ሌላው፣ ማወቂያ አልነበረኝም። ያን ቀን መጋዘን ውስጥ ሁለት ጊዜ ቆጠራ ተሳሳትኩ። ማታ ስመለስ ግን ጎረቤቴን ምንም አላሏትም።

ሳምንቱ ሲሞላ ፊውዙ አልተቃጠለም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እትዬ በረንዳቸው ላይ ቆመው ጠሩኝ። ጎረቤቴ ደጃፏ ላይ ከሰሉን ታራግባለች።

«አየህ፣ ኢንጂነር? አወጣኸው፤ አቆመ። እንግዲህ ምን ትላለህ?»

ምን እላለሁ? ፍተሻቸው ትክክል ነበር። ውጤቱም ትክክል ነበር፤ ማሽኑ ሲወጣ በእርግጥም ቆሟል። ከማሽኑ ጋር ሌላም ነገር መውጣቱን አያውቁም እንጂ። ወደ ጎን ሳይ ጎረቤቴ ማራገቢያውን አስቀምጣ ተነሥታለች። ከንፈሯ ተከፍቷል። «እትዬ…» አለች።

«የእሱ ነው» አልኩ፤ ከለመድኩት ድምፅ በላይ። «የማሽኑ ነው፣ እትዬ። ትክክል ነዎት።»

«ምኑ ነው ጥፋቱ?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። እያንዳንዱን ክፍል አንድ በአንድ ንጹሕ መሆኑን አውቃለሁ። የቱን ልክሰስ?

«ፓወሩ» አልኩ በመጨረሻ። «ሲነሣ ብዙ ይስባል።»

ጎረቤቴ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እትዬ ድል እንዳደረገ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ድል ያደረገ ሰው ደግሞ ይራራል።

«እሺ፣ ስማኝ። ለፍተህ የሠራኸው ነው፤ አትጣለው። አምጣው። ግን እኔ በሌለሁበት አይበራም። እኔ ቤት ስሆን ታበራለህ፤ ስወጣ ታጠፋለህ። እኔ እያየሁት አይቀብጥም።»

ለራሴ መፍትሔ ፈልግ ብባል ኖሮ ከዚህ የተሻለ አላገኝም ነበር። እሳቸው ሲወጡ ምድጃ፤ ሲገቡ ኮምፒውተር። አንዱ የሚነሣው ሌላው ሲተኛ ነው። ነገር ግን ደስ አላለኝም፤ ገና ተደብቀን የምናሳልፈው ብዙ ጠዋት ከፊታችን ነበር።

ማሽኑን በማግስቱ ታቅፌ መለስኩት። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እንኳ ጠፍቶብኝ አያውቅም። እትዬ አንዳንድ ጊዜ በርጩማቸውን ደጃፌ ላይ አድርገው ምስር እየለቀሙ ያዩታል፤ እንግዳ ሲመጣባቸው «እኔን ይፈራል» ይላሉ። ጎረቤቴም ሽቦው በወፍራም ከተቀየረ በኋላ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። ኮንትራቱ ግን አልቀረም፤ ድስቱ ለምን ትልቅ እንደሆነ መልስ ሆኖ ተቀመጠ።

የእኔ ጠዋት ጠፋ። የውጭው በር ሲጢጥ ሲል ማሽኑን አጠፋለሁ፤ ገመዱንም ነቅዬ እጠቀልለዋለሁ። ከግድግዳው ማዶ «ቀጭ» ይላል። ሽንኩርት ይሸታል። ጥፋት የሌለበት ማሽን አጠገብ ተቀምጬ፣ እትዬ ዛሬ ቀድመው እንዳይመለሱ ጆሮዬን ወደ በሩ አድርጌ እጠብቃለሁ።